መልስ፦ ቱሊፕ በዲሴምበር ብተክል ይበቅላል ወይ?

እህቴ፣ በኦክቶበር የገዛሽው የቱሊፕ አበባ ኮረት (ሽንኩርት የሚመስለው፣ የሚተከለው ክፍል) ሳይተከል ዲሴምበር እንደደረሰ ጽፈሻል። የሜሪላንድ ብርድ ገና መሬቱን በበረዶ አላጠጠረውምና ዛሬ ነገ ሳትይ ትከይው። ለሚቀጥለው ዓመት ላስቀምጠው እንዳትይ ብቻ። ኮረቱ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ከአፈር ውጭ ከቆየ ይደርቃል ወይም ይሻግታል።

መጀመሪያ በጣትሽ ጫን ጫን አድርጊው። ጠንካራው ደህና ነው፤ የላላውን ጣይው።

መሬቱ በአካፋ እስከተቆፈረልሽ ድረስ አልረፈደም። እንደውም ቱሊፕ ማርፈድን ይችላል፤ ቀደም ብሎ መተከል የሚወደው ዳፎዲል የሚባለው አበባ ነው። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍሪ፣ ሹሉን ጫፍ ወደ ላይ አድርጊ፣ ከዚያ ውሃ አጠጪው። ዋናው ነገር ቅዝቃዜው ነው። ቱሊፕ አገዳው ረዝሞ በደንብ እንዲያብብ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ብርድ ያስፈልገዋል። ዘግይተሽ ስለምትተክይው ብርዱ ሊያንሰው ይችላል፤ ስለዚህ ከጎረቤቶችሽ ቱሊፕ ዘግይቶና አጠር ብሎ ቢያብብ አትደንግጪ።

መሬቱ ከበረደና ከጠጠረብሽ፣ ከታች ቀዳዳ ባለው የአበባ መትከያ ተክለሽ ማሞቂያ በሌለው ጋራዥ አስቀምጪው። እስክትተክይው ለጊዜው ፍሪጅ ውስጥ የምታቆዪው ከሆነ ከፖም አርቂው፤ ከፖም የሚወጣው ጋዝ ኮረቱ ውስጥ ያለውን እምቡጥ ይገድለዋል። ስኩዊረል ካስቸገረሽ ደግሞ ላዩ ላይ የሽቦ መረብ አንጥፊ።