መልስ፦ የደንና የግጦሽ አፈር ባክቴሪያን ስለማነጻጸር

የእንጦጦ ደን አፈር ከሱሉልታ ግጦሽ አፈር በባክቴሪያ ዓይነት ለምን እጅግ እንደበለጠብዎት ጠይቀዋል። ምክንያቱ የደኑ ናሙና የዲኤንኤ ንባብ (ማሽኑ ከናሙናው ያነበባቸው የዲኤንኤ ቁርጥራጮች ብዛት) በሦስት እጥፍ ስለሚበልጥ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሲነበብ ብዙ ዓይነት ይገኛልና። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ናሙና ንባቦችን በዕጣ መርጠው፣ ሁሉንም ዝቅተኛ ንባብ ካለው ናሙና ቁጥር ጋር እኩል አድርገው የዓይነቶቹን ብዛትና የሻነንን መለኪያ (የዓይነቶቹን ብዛትና የድርሻቸውን መመጣጠን አጣምሮ የሚያሳይ ቁጥር) እንደገና ያስሉ።

አንድ ነገር ግን ከልምድ ላሳስብዎ። የሱሉልታ ሜዳ በአብዛኛው መረሬ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ነው፤ በክረምት ውሃ አቁሮ መቆፈሪያው ላይ ሙጭጭ ይላል፣ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ የእንጦጦ ተዳፋት ግን ውሃ አያቁርም። አፈሮቹ እንዲህ ከተለያዩ አሲዳማነታቸውም ሊለያይ ይችላል። የአፈር ባክቴሪያ ስብጥር ከምንም በላይ ከአሲዳማነት ጋር አብሮ ስለሚለዋወጥ፣ ያገኙት ልዩነት የዛፍና የሣር ሳይሆን የአፈሩ ሊሆን ይችላል። በእኔ እምነት፣ ከደኑ ጥግ በዚያው ተዳፋት ላይ ካለው ሣር፣ ከተራራቁ ቦታዎች ናሙና ወስደው የእያንዳንዱን ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ) ቢለኩ ይሻላል፤ ከአንድ ጉድጓድ አምስት ጊዜ የተዘገነ አፈር የሚቆጠረው እንደ አንድ ናሙና ነው።