አጭሩ መጠይቅ ቶሎ ስላለቀ ብቻ አትምረጡት

ሰላም ለሁላችሁ። እህታችን ትናንት ያነሳችውን ጥያቄ ላላያችሁ ባጭሩ ልድገመው። ቡድኗ ለአገር አቀፍ የቤተሰብ ፍጆታ ጥናት የሚሆን መጠይቅ እያሻሻለ ነው። በእጃቸው ሁለት ዓይነት አለ። ረጅሙ ምግቡን አንድ በአንድ እየጠራ ያለፉትን 7 ቀናት ይጠይቃል። አጭሩ ምግቡን በጅምላ ጠቅልሎ ያለፉትን 30 ቀናት ይጠይቃል። ረጅሙን አራዳ፣ አጭሩን ቂርቆስ ላይ፣ በሁለት የተለያዩ ቡድኖች ሊሞክሩ አስበዋል። «አጭሩ በልምምዱ ጊዜ ቶሎ አለቀ፣ ሰዉም አልተሰላቸም። እሱ ይሻላል ብለን ብንወስን ምን ችግር አለው?» ነው የምትለው።

ችግር አለው እህቴ። ቶሎ ማለቁ ስለ ጊዜ ብቻ ነው የሚነግርሽ። ሰዉ የበላው በትክክል መመዝገቡን አይነግርሽም። እኔ መሀል አዲስ አበባ ላይ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ፣ መጀመሪያ መረጃ ሰብሳቢ በኋላም ተቆጣጣሪ ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ከዚያ ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የክፍለ ከተማ ክፍፍሉን ተዉት። ቂርቆስ ላይ ፍጆታው ዝቅ ብሎ ቢመጣ፣ ምክንያቱ መጠይቁ ይሁን፣ ሰፈሩ ይሁን፣ ወይስ የዚያ ቡድን አጠያየቅ ይሁን መለየት አትችሉም። የትኛው ቤት የትኛው መጠይቅ እንደሚደርሰው በዕጣ ይለይ። ዕጣው መውጣት ያለበት በአንድ የቆጠራ ቦታ (ለቆጠራ በካርታ በተከለለ ትንሽ ሰፈር) ውስጥ፣ በየቤተሰቡ ነው። ጎን ለጎን ካሉ ሁለት በሮች አንዱ ረጅሙ፣ አንዱ አጭሩ ይድረሰው። እያንዳንዱ መረጃ ሰብሳቢም ሁለቱንም ይዞ ይዙር። አለበለዚያ ጎበዝ ልጅ የያዘው መጠይቅ ራሱ ጎበዝ ይመስላል።

ዕጣውን ደግሞ ታብሌቱ ያውጣ እንጂ ሰው አይምረጥ። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የደከመ ልጅ ሰባት ሰው ያለበት ቤት ሲገባ የትኛውን መጠይቅ እንደሚያወጣ ታውቁታላችሁ። ልጆቹን ለመውቀስ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ዳገት ሲወጡና ሲወርዱ የዋሉ ናቸው። ግን ምርጫው በእነሱ እጅ ከሆነ ትልልቁ ቤተሰብ ሁሉ አጭሩ ጋ ይከማቻል።

ሌላው ነገር፣ ሁለቱ መጠይቆቻችሁ የሚለያዩት በአንድ ነገር ብቻ አይደለም። የዝርዝሩ ርዝመትም ተቀይሯል፣ የቀኑ ብዛትም ተቀይሯል። ልዩነት ብታገኙ ከየትኛው እንደመጣ አታውቁም። ከቻላችሁ አራት ዓይነት አድርጉት፦ ረጅም ዝርዝር በ7 ቀን፣ ረጅም ዝርዝር በ30 ቀን፣ አጭር በ7፣ አጭር በ30። ገንዘቡ ካልበቃ አንዱን ልዩነት ብቻ፣ የዝርዝሩን ርዝመት ወይም የቀኑን ብዛት፣ ምረጡና እሱን በደንብ ፈትኑ።

የቀን ብዛት ምን ያህል ነገር እንደሚያዛባ ህንድ አይታዋለች። የአገሪቱ የናሙና ጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ቤተሰቦችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሹን እንደ ድሮው ስለ 30 ቀን ጠየቀ። ሌላውን ግማሽ ምግብ ላይ ስለ 7 ቀን ጠየቀ። የ7 ቀን የተጠየቁት ብዙ ምግብ ተናገሩ። በዚያ ስሌት ድሃ የሚባለው ሕዝብ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። የማንም ኑሮ አልተለወጠም፣ የተለወጠው ጥያቄው ነው። ቀጥሎ በ1999/2000 ዙር ሁለቱንም የቀን ብዛት በአንድ መጠይቅ፣ ለአንድ ቤተሰብ ጠየቁ። መላሹ ሁለቱን መልሶች እርስ በርስ እያስታረቀ መለሰ፣ ቁጥሮቹም ተቀራረቡ። ውጤቱ ከቀደሙት ዓመታት ጋር ሊወዳደር ስላልቻለ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ለዓመታት ተከራከሩበት። ስለዚህ «ለአንዱ ቤተሰብ ሁለቱንም እንጠይቅና እናወዳድር» የሚል ሰው ቡድናችሁ ውስጥ ካለ አታድርጉት።

ግን ከፍ ያለ ቁጥር ያመጣው መጠይቅ ትክክለኛ ነው ማለትም አይደለም። ሰው ከሁለት ሳምንት በፊት የበላውን ዶሮ «ባለፈው ሳምንት ነው» ብሎ ሊያስገባው ይችላል። በወር ሲጠየቅ ደግሞ ይረሳል። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ይስባል። እውነቱ የት እንዳለ የሚያሳይ ሦስተኛ መለኪያ ያስፈልጋችኋል። ታንዛኒያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 እና 2008 የተደረገው ሙከራ በዚህ በኩል ጥሩ ምሳሌ ነው። ወደ 4,000 ቤተሰቦችን ወስደው ስምንት ዓይነት አጠያየቅ በዕጣ አደሏቸው። እንደ መለኪያ የወሰዱት እያንዳንዱ አዋቂ ሰው የራሱን ፍጆታ በየቀኑ የሚመዘግብበትንና ሠራተኞች በቅርብ የሚከታተሉትን ዓይነት ነው። ምግቡን ጠቅልሎ የጠየቀው ዓይነት ከረጅሙ ዝርዝር ያነሰ ፍጆታ ነው ያወጣው። የእናንተ አጭር መጠይቅ የዚህ ዘመድ ስለሆነ በጣም ጠርጥሩት።

ይህ የየግል መዝገብ መሀል ከተማ ላይ ከገጠር ይልቅ ያስፈልጋል ባይ ነኝ። መጠይቁን የሚመልሱት አብዛኛውን ጊዜ ቤት የተገኙት እናት ናቸው። እሳቸው የቤቱን ጤፍ፣ ዘይትና በርበሬ አሳምረው ያውቃሉ። ባልየው ካዛንቺስ ምን ምሳ እንደበላ፣ ልጅቷ ፒያሳ ስንት ማኪያቶ እንደጠጣች፣ ልጁ ትምህርት ቤት በር ላይ ምን እንደገዛ ግን ከየት ያውቃሉ? ውጪ የሚበላው ነገር የመሀል አዲስ አበባ ትልቁ ቀዳዳ ነው። አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሠራተኛማ ቤቱ ውስጥ ምጣድም የለውም። መጠይቃችሁ «ቤት ውስጥ የተበላ» ላይ ብቻ ካተኮረ ይህ ሰው ጦሙን የሚያድር ሆኖ ይወጣል። ከምትፈትኗቸው ነገሮች መካከል ይህን አስገቡ፦ የውጪውን ምግብ አንድ ሰው ለሁሉም ሲመልስና እያንዳንዱ ለራሱ ሲመልስ ልዩነቱ ስንት ነው?

የምግቡ መጠን የሚነገርበት መስፈሪያም ራሱ መፈተን አለበት። ቲማቲም በመደብ፣ ጎመን በእስር፣ እንጀራ በቁጥር፣ ዘይት በሌትር ነው የሚገዛው። ጉልት ላይ ደግሞ ዋጋ ሲወደድ ሁልጊዜ ብሩ አይጨምርም። ብሩ ባለበት ሆኖ መደቡ ያንሳል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የተመዘነ መደብ ለዘንድሮ አይሆንም። ተቆጣጣሪው ሚዛን ይዞ በየሰፈሩ ጉልት ይሂድ፣ ገዝቶ ይመዝን። ትንሽ ወጪ ነው፣ የሚያድነው ስህተት ግን ብዙ ነው። በርበሬና ጤፍ ላይ ደግሞ የተገዛውን ከተበላው ለዩ። ለዓመት የሚሆን በርበሬ ያስፈጨ ቤት በዚያ ሳምንት ተጠይቆ ወጪውን ሲናገር፣ ሳምንታዊ ፍጆታው ሰማይ ይነካል።

ወቅቱን አትርሱ። የ7 ቀን ጥያቄ በሁዳዴ 55 ቀናት ውስጥ ካረፈ ሥጋና ወተት ብዙ ቤት ውስጥ ዜሮ ይሆናል። ከፋሲካ ማግስት ካረፈ ደግሞ ይተኮሳል። ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ አሉ፣ የፍልሰታ 15 ቀናት አሉ፣ ሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ ረመዳን አለ። የደሞዝ ሰሞንና የወሩ መጨረሻም አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. የ2015/16ቱ የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት ዓመቱን ሙሉ የተካሄደው እንዲህ ያለው መወጣጫና መውረጃ እንዲቻቻል ነው። የእናንተ ሙከራ ግን አጭር ስለሆነ ሁሉም የመጠይቅ ዓይነቶች በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ሰፈር አብረው ይሂዱ። አንዱን በጾም፣ ሌላውን በፍስክ ከጠየቃችሁ የለካችሁት መጠይቁን ሳይሆን የቀን መቁጠሪያውን ነው።

አሁን ደግሞ ማንም ያልጠየቀኝን ልናገር። መጠይቁን ከመፈተናችሁ በፊት የቤት ምዝገባውን ፈትኑ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ቀጣዩ እ.ኤ.አ. በ2019 ሊደረግ ታቅዶ ተራዘመ። ከዚያ ወዲህ መሀል ከተማው ሌላ ሆኗል። ፒያሳና ካዛንቺስ ላይ በኮሪደር ልማቱ ስንት ሰፈር እንደተነሳ የምታውቁት ነው። የቆየ ካርታ ይዞ የወጣ ልጅ በር ፈልጎ መንገድ ወይም አጥር ያገኛል። የተነሳው ሰው ግን አንድ ቦታ እየኖረ ነው፣ ከናሙናው መጥፋት የለበትም።

ያልፈረሰውም ሰፈር ቀላል አይደለም። አንድ የቤት ቁጥር፣ አንድ የግቢ በር። ውስጡ የባለቤቶቹ ቤት፣ ከጀርባ የተደረደሩ ሰርቪስ ክፍሎች፣ አንዳንዴም አንድ የቀበሌ ቤት ውስጥ ደባል። በር የከፈተውን ሰው «እዚህ ስንት አባወራ አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ «እኛ ብቻ ነን» ይላችኋል። ተከራይ አለኝ ማለት ግብር ያመጣብኛል ብሎ የሚሰጋ አለ። እኔ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት ግቢው ውስጥ ገብቶ በሮችን አንድ በአንድ ማየት፣ ቁልፍ የተንጠለጠለበትን በር ደግሞ መዝግቦ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ወይም እሁድ መመለስ ነው። ይህንንም በዕጣ ፈትኑት። በከፊሉ የቆጠራ ቦታ በር የከፈተውን ጠይቁ፣ በሌላው በር በበር ሂዱ። ልዩነቱን ስታዩ ስለ ምግብ ዝርዝሩ መጨነቃችሁ ይቀንሳል።

የቤተሰቡን አባላት ስትመዘግቡም የቤት ሠራተኛዋ፣ ከክፍለ ሀገር መጥቶ የሚማረው የእህት ልጅ፣ የሌሊት ጥበቃው ይረሳሉ። እዚያው የሚያድሩ፣ ከአንድ ማዕድ የሚበሉ ሰዎች ናቸው። ውጭ አገር ያለው ልጅ ደግሞ በኩራት ይቆጠራል። «ትናንት ማታ እዚህ ያደረው ማን ማን ነው?» ከሚለው ጀምራችሁ በስም ብትሄዱ ብዙው ይስተካከላል።

መረጃ ሰብሳቢዎቹም በጊዜ ሂደት ይለወጣሉ። አንድ ሰው ሲመዘገብ ሃያ ጥያቄ እንደሚከተል ሲገባቸው የቤተሰቡ ቁጥር ቀስ በቀስ ያንሳል። ይህ እኛ ጋ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። በብዙ አገሮች የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ላይ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የጤና ጥያቄ ስላለባቸው ዕድሜያቸው ከመስመሩ በላይ እየተገፋ ተመዝግቦ ተገኝቷል። ከ15 እስከ 49 የሆኑ ሴቶችም እንዲሁ ከጠርዙ ወዲያ ተገፍተዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት አማካይ የቤተሰብ ብዛት ከመጨረሻው ሳምንት ጋር አወዳድሩ፣ በየመረጃ ሰብሳቢው። እዚህ ላይ አጭሩ መጠይቅ ሊያሸንፍ ይችላል፣ ካሸነፈም በሐቅ ነው።

ሰላምታውም ይፈተን። ከወረዳ ሰው ጋር ሲኬድ በሩ ቶሎ ይከፈታል። ግን የተከራዩ ቁጥርና ገቢው ያንሳል። በእድር ሰው በኩል ሲኬድ ጊዜ ይወስዳል፣ ወሬው ግን ይፈታል። አሁን መሀል ከተማ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ልታፈርሱ ነው የምትመዘግቡት?» ነው። ለዚህ ግልጽና እውነተኛ መልስ ሳታዘጋጁ ልጆቹን አትላኩ። መልሱ ለስታቲስቲክስ ብቻ እንደሚውልና የማንም ስም እንደማይወጣ መንገር ብቻ ሳይሆን፣ ይህን በተግባር ማክበር የእናንተ ግዴታ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለአለቆቻችሁ ንገሯቸው። መጠይቁ ሲሻሻል ካለፈው ዓመት ጋር ያለው ሰንሰለት ሊበጠስ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የአደንዛዥ ዕፅ አጠቃቀምን የሚያጠናው የቤተሰብ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 ለመላሾች ገንዘብ መስጠትን በሙከራ አየ፦ ለከፊሉ ምንም፣ ለከፊሉ 20 ዶላር፣ ለከፊሉ 40 ዶላር። በ2002 ለሁሉም 30 ዶላር ሆነ። ምላሽ የሚሰጠው ሰው ጨመረ። ነገር ግን ከሌሎች ለውጦች ጋር ተደምሮ የ2002 ቁጥር ከቀደሙት ጋር መወዳደር አልቻለም፣ አዲስ መነሻ ዓመት ሆነ። እናንተም አዲሱን መጠይቅ በዋናው ጥናት ስታስገቡ ከናሙናው የተወሰነውን በዕጣ በአሮጌው ጠይቁ። ያኔ የድህነት ቁጥሩ ሲቀየር ኑሮው ነው ወይስ መጠይቁ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ ያገኛል።

አዲስ አበባ አገር አይደለችም፣ ይህን መቼም ታውቁታላችሁ። እዚህ የሠራ መጠይቅ በሶማሊኛ ወይም በአፋርኛ፣ አርብቶ አደር ቤት ሲደርስ እንደገና መፈተን አለበት። መሀል ከተማውን ቢሮ ስለሚቀርብ ብቻ አትምረጡት። ለክፍል ተከራይ፣ ለውጪ ምግብና ለተዘጋ በር ግን ከዚህ የተሻለ መፈተኛ የለም።

መስክ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ገጽ ጻፉና ፈርሙበት። አጭሩ ከግል መዝገቡ ምን ያህል ካነሰ ይወድቃል? ምን ያህል ደቂቃ ካተረፈ ይታሰባል? ስሌቱ ውስጥ የሚገቡት ዕጣ የደረሳቸው ሁሉ ናቸው፣ የጨረሱት ብቻ አይደሉም። እምቢ ያለውና ያልተገኘው ለየብቻ ይመዝገቡ። የምግብ ዝርዝራችሁን እዚህ ብትለጥፊልን ደግሞ የውጪው ምግብ ክፍል ላይ ምን እንደጎደለ አይቼ እጽፍልሻለሁ።