አንድ ካርቶን ከበር እስከ አንባቢ እጅ፦ ስለ መዛግብት የሥራ ሂደት ጥያቄና መልስ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅና በወልድያ መዝገብ ቤትና ቤተ መጻሕፍት የምትሠሩ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች አንድ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ። የሁላችሁም ጭንቀት አንድ ነው። አሮጌ መዝገብ ክፍሉን ሞልቷል፤ ከየት እንጀምር? የሥራ ሂደት ካርታ የምለው ወረቀቱ በበር ከገባ ጀምሮ አንባቢ እጅ እስኪደርስ የሚሄድበትን መንገድ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ማን ምን እንደሚያደርግለት፣ የትስ ላይ እንደሚቆም ያሳያል። ብዙ ዓመት የቆየሁበት ሥራ ነውና የማውቀውን ልንገራችሁ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ጋሼ፣ በቢፒአር (የመሥሪያ ቤቶችን አሠራር እንደገና የመቅረጽ ሥራ) ጊዜ እኮ የሥራ ሂደት ሥለን ግድግዳ ላይ ለጥፈናል። ሌላ ካርታ ምን ያደርግልናል?

መልስ፦ ልክ ነሽ እህቴ። ግን ያ ሥዕል የተሣለው ስብሰባ ላይ ነው። መሆን ያለበትን እንጂ የሚሆነውን አያሳይም። እስቲ አንድ ካርቶን ምረጪና ደብተርና እርሳስ ይዘሽ ተከተይው። ማን ተቀበለው? የት አስቀመጠው? እዚያ ስንት ቀን ቆየ? እያንዳንዱን እርምጃ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ጻፊና ጠረጴዛ ላይ ደርድሪው። ጽዳት ሠራተኛዋንም ጠይቂ። ካርቶኑ ከመስኮቱ ሥር ወደ ኮሪደር ለምን እንደሄደ ብዙ ጊዜ የምታውቀው እሷ ናት፤ ዝናብ ሲገባ አይታ ያነሳችው እሷ ናታ።

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመሬት ግብር ሰነድ የያዘ ካርቶን እንዲህ ተከትዬ ነበር። ቁራጭ ወረቀቶቹን ስደረድር ከግማሽ በላዩ ላይ የተጻፈው «እየጠበቀ ነው» የሚል ሆነ። እኛ የስካነር እጥረት ነው ስንል ነበር። ካርቶኑን ያስቆመው ግን ሌላ ነው። የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይወገድ የሚለውን ማን እንደሚወስን አልታወቀም። ስለዚህ ካርታው ላይ ውሳኔ ያለበትን ቦታ ሁሉ በቀይ አክብቢ። ከጎኑ የወሳኙን የሥራ መደብ ጻፊ። የሰው ስም አትጻፊ፤ ሰው ይዛወራል። በነገራችን ላይ በ1991 ዓ.ም. የወጣውን ስለ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 179 ሳታነቡ አንድም ወረቀት እንዳታቃጥሉ። አደራ!

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ የእርምጃዎቹ ቅደም ተከተል ምንድነው?

መልስ፦ መቀበል፣ መመዝገብ፣ መመዘን (የሚቆየውን ከሚወገደው መለየት)፣ ማደራጀት፣ መግለጽ (ምን እንደያዘ መጻፍ)፣ ማሸግ፣ ለአንባቢ ማቅረብ። ብዙ ቦታ የሚበላሸው የመጀመሪያው ላይ ነው። ንብረት ክፍል ሞዴል 19 የሚባለውን የዕቃ መቀበያ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ «3 ካርቶን ልዩ ልዩ ሰነድ» ይልና ያበቃል። ዕቃ መግባቱን ይመሰክራል፤ ከየት እንደመጣ ግን አይነግረንም። አንድ ገጽ ጨምሩበት። ከየትኛው ክፍል መጣ? ማን ይጠቀምበት ነበር? የትኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከምን ቀጥሎ ነበር? ሳይነሳ በስልክም ቢሆን ፎቶ አንሱት። ይህን የሚያውቀው ሰው ጡረታ ከወጣ በኋላ ከማንም አታገኙትም።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ፋይሎቹ በሲባጎ ታስረው ነው የመጡት፤ ቀናቸው የተዘበራረቀ ነው። በዓመተ ምሕረት ላደራጃቸው?

መልስ፦ እባክህ ወንድሜ፣ ሲባጎውን ሳትፈታ ስማኝ። እኔ በጀማሪነቴ ፈትቼዋለሁ። ከላይ የአንድ ገበሬ አቤቱታ ነበር። ከሥሩ የወረዳው መልስ፣ ከዚያ የግብር ደረሰኝ፣ ከዚያ ደግሞ ከአቤቱታው በዓመታት የሚቀድም የውርስ ውል። ዝብርቅርቅ መሰለኝና በየዓመቱ ለያየሁት። በኋላ አንድ ሰው የአያቱን መሬት ጉዳይ ሊያይ መጣ። ደረሰኙ የየትኛው አቤቱታ እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም። ወረቀቱ ሁሉ አለ፤ ጉዳዩ ግን ጠፍቷል። ይህ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

የሙያው ሕግ ግልጽ ነው። ከአንድ ምንጭ የመጣ መዝገብ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም፤ ፈረንሳዮች ይህን በ1841 እ.ኤ.አ. በመመሪያ አስፍረውታል። ባለቤቱ የሰጠው ቅደም ተከተልም ይጠበቃል። ቅደም ተከተሉ በእርግጥ ፈርሶ ከመጣ ብቻ አዲስ ትሠራለህ፤ ያኔም አንተ እንዳደራጀኸው ጽፈህ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ክፍሉን ሳየው ብቻ ይደክመኛል። ሁለት ሰዎች ነን። በእድሜያችን ያልቃል?

መልስ፦ ያልቃል። ማርክ ግሪንና ዴኒስ ማይስነር የተባሉ አሜሪካውያን የመዛግብት ባለሙያዎች በ2005 እ.ኤ.አ. አንድ ጽሑፍ አወጡ። ሐሳባቸው እያንዳንዱን ስፒልና አግራፍ ስትነቅሉ፣ እያንዳንዱን ወረቀት ስታስተካክሉ ሌላው ክምር ሳይነካ ይቀራል የሚል ነው። አንድ ጫማ ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል መዝገብ በአማካይ በ4 ሰዓት ሊሠራ ይገባል ይላሉ። የናንተ ክምር 60 ሜትር ቢሆን 800 ሰዓት ነው። ለአንድ ሰው 100 የሥራ ቀን ማለት ነው። እንዲህ ሲሰላ አያስፈራም አይደል?

ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉንም ላይ ላዩን እለፉት። ምንጩን፣ ዓመቱን፣ የያዘውን በሁለት ሦስት መስመር ጻፉ። ዝርዝሩ ሰው ደጋግሞ ለሚጠይቀው ይቆይ። የዛገውንና ወረቀቱን እየበላ ያለውን ስፒል ግን ንቀሉ። ሻጋታ ወይም ምስጥ ያለበት ካርቶን ከመጣ ደግሞ ካርታው ላይ ከበሩ የሚገነጠል ሌላ መንገድ ሣሉለት። ከሌሎቹ ጋር አንድ ደቂቃም አብሮ አይቀመጥ።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ የደብራችን መጻሕፍት ከዕቃ ቤት አይወጡም። መንደራችን ውስጥ ደግሞ ሼሆች ቤት የቆዩ መጻሕፍት አሉ። ካርታው ለነሱ ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል፤ አቅጣጫው ግን ይገለበጣል። መጽሐፉ አይመጣም፣ እኛ እንሄዳለን። የመጀመሪያው እርምጃ ፈቃድ ነው፤ ከአስተዳዳሪው፣ ከቄሰ ገበዙ፣ ከሼሁ ቤተሰብ። መጽሐፉ እዚያው ይቆያል፤ ምስሉ አንድ ቅጂ ለነሱ ይሰጣል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌልም ፎቶ ተነስቷል። በገዳሙ አበምኔት በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አባቶቻችን የርስት ጉዳይና የዕቃ ዝርዝር የሚጽፉት ማንም የማይደፍረው ወንጌል ላይ ነበር። ስለዚህ «ወንጌል» ብላችሁ መዝግባችሁ አትለፉ። ባዶ የተተወውን ቅጠልና ኅዳጉን (የገጹን ጠርዝ) ገልጣችሁ እዩ። ሼሆቹ ቤት ያለውንም «የዓረብኛ መጽሐፍ» ብላችሁ እንዳትገላገሉት። የወሎ መንዙማ በዓረብኛ ፊደል ይጻፍ እንጂ ብዙው ቋንቋው አማርኛ ነው፤ አጀሚ የሚባለው ይህ ነው። አንብቦ የሚነግራችሁ ሰው እስኪገኝ «ቋንቋው ይጣራ» ብላችሁ አቆዩት። ይህም ካርታው ላይ የራሱ ቦታ ይኑረው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ሐይቅን አንዱ በ«ሐ»፣ አንዱ በ«ሀ» ይጽፋል። ፍለጋው አልሠራ አለን።

መልስ፦ ሁለት ዓምድ አብጁ። በአንዱ እንደተጻፈው፣ በሌላው እናንተ በተስማማችሁበት አንድ አጻጻፍ። ቀንም እንደዚሁ። ወሎ ውስጥ አንድ ሳጥን ከፍታችሁ በኢትዮጵያ፣ በሂጅራና በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ልታገኙ ትችላላችሁ። የተጻፈውን አትሰርዙ፤ የተቀየረውን ከጎኑ አስቀምጡ። ስም ላይ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። መሐመድ አሊ፣ ራስ ሚካኤል፣ ንጉሥ ሚካኤል አንድ ሰው ናቸው። ሦስቱን የሚያገናኝ ካርድ ከሌላችሁ ስለ ወሎው ንጉሥ የሚጠይቅ ተመራማሪ የመዝገቡን ግማሽ ሳያይ ይሄዳል።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ በቀጥታ ስካን ብናደርገውስ?

መልስ፦ ሳይገለጽ ስካን የተደረገ መዝገብ ስም የሌለው የፎቶ ክምር ነው። ገለጻው ይቅደም። ዝርዝሩና ምስሉ ሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ከከተማ ውጭ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ ያላዘነ የለም። ምን እንደጠፋ በትክክል መናገር የሚቻለው ዝርዝሩ ሌላ ቦታ ሲኖር ነው። ከዝርዝሩ አንድ ፎቶ ኮፒ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ከተማ ላኩ፤ በእጅ የተጻፈም ይሁን።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ኮምፒዩተር የለንም። ካርታውን በምን እንሣለው?

መልስ፦ ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ይበቃል። ሥራው ሣጥን፣ ውሳኔው ክብ፣ መጠበቂያው ሦስት ማዕዘን ይሁን። በእርሳስ ሣሉት፤ ሁለተኛው ካርቶን ሲያልፍ የምታጠፉት መስመር ይኖራል።