ፍሪሲዮን ስረግጥ የሚነዝረኝ ሕመም

ጥያቄ

ይድረስ ለዶክተር፤

የ34 ዓመት ሰው ነኝ። ኑሮዬ አዳማ ነው፤ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ አባት ነኝ። ሥራዬ ከባድ መኪና መንዳት ነው፤ በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ እየተመላለስኩ ማዳበሪያና ስንዴ እጭናለሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የግራ ቆለጤ ይከብደኝ ነበር። ጠዋት ደህና ሆኜ እነሣለሁ፤ ሚሌ እስክደርስ ግን ድንጋይ የተንጠለጠለበት ያህል ይጎትተኛል። ማታ ጋቢና ውስጥ ጋደም ስል ይተወኛል። በእጄ ስዳስሰው የተጠላለፈ ክር የመሰለ ነገር አገኝ ነበር። ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ቫሪኮሲል ነው ተባልኩና ባለፈው ኅዳር ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። በማግስቱ ወጣሁ፤ አንድ ወር አርፌ ወደ ሥራ ተመለስኩ።

ያ ክብደት በእርግጥ ጠፍቷል። በቦታው የመጣው ግን ሌላ ሕመም ነው። ፍሪሲዮን ለመርገጥ ግራ እግሬን ባነሣሁ ቁጥር ከጠባሳው ተነሥቶ እስከ ቆለጤ ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። ዳገት ላይ ማርሽ የምቀያይረው ጥርሴን ነክሼ ነው። ከብሽሽቴ በታች፣ በጭኔ ውስጠኛ በኩል መዳፍ የምታህል ቦታ አለች፤ በጣቴ ስነካት የእኔ ቆዳ አትመስለኝም፣ ሱሪ ሲፈትጋት ግን ታቃጥለኛለች። እንደ ድሮው ጋደም ብልም አይተወኝም።

ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ። ያከመኝ ሐኪም አልትራሳውንድ አስነሥቶ "ምንም የለብህም፤ ጭንቀት ነው" አለኝ። ሌላ ዘንድ ሄድኩ፤ "እንደገና ይከፈትና ይታያል፤ ካልተሻለህም ፍሬውን ማውጣት ነው" ተባልኩ። እስከዚያው በየመንገዱ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ እየተወጋሁ፣ እንክብሉንም እየዋጥኩ እሠራለሁ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ቤት ስገባ ደክሞኛል እያልኩ ሶፋ ላይ አድራለሁ፤ እሷ ሌላ ነገር ጠርጥራለች። ሁለተኛ ልጅ እንፈልግ ነበር። እንደገና ልከፈት ወይ? ወይስ እንዲህ ሆኜ መኖሬ ነው?

ሹፌሩ፣ ከአዳማ

መልስ

ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎት፤ አሁን አይከፈቱ። ፍሬውን ለማስወጣትማ ጭራሽ አይስማሙ። እንዲህ ሆነው እንዲኖሩም አልመክርዎትም፤ በመካከሉ ገና ያልተሞከረ ብዙ ሕክምና አለ።

"ምንም የለብህም" መባልዎ አሳዝኖኛል። በደብዳቤዎ ውስጥ ሦስት ነገሮች ጽፈዋል፤ ሦስቱም ወደ አንድ ቦታ ያመለክታሉ። ፍሪሲዮን ሲረግጡ ይነዝርዎታል። የደነዘዘች፣ ግን ጨርቅ ሲነካት የምታቃጥል ቆዳ አለች። ጋደም ሲሉም ሕመሙ አይተውዎትም። ይህ የነርቭ ሕመም መልክ ነው፤ አልትራሳውንድ ደግሞ የደም ዝውውርን፣ የውሃ መቋጠርንና የፍሬን መጠን እንጂ በጠባሳ የተያዘ ቀጭን ነርቭን አብዛኛውን ጊዜ አያሳይም።

ጉዳዩ እንዴት እንደሆነ ላስረዳዎት። ከፍሬው ደም የሚመልሱት ደም መልሶች ውስጥ ያሉት መዝጊያዎች ሲደክሙ ደሙ ወደ ታች ይመለስና ደም መልሶቹ ይወጠራሉ፤ ቫሪኮሲል የሚባለው ይኸው ነው። ከ100 ወንዶች 15 ያህሉ ይህ አላቸው፤ ብዙዎቹም ሳያውቁት ይኖራሉ። በግራ የሚበዛው በዚያ በኩል ያለው ደም መልስ ረዘም ያለ ስለሆነና ከግራ ኩላሊት ደም መልስ ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ስለሚገናኝ ነው። ቀን ሙሉ የተቀመጠ ወይም የቆመ ሰው ይከብደዋል፤ ሲተኛ የተጠራቀመው ደም ወደ ልብ ይመለስለትና ይቀለዋል። የድሮው ሕመምዎ ይኸው ነበር፤ ቀዶ ሕክምናውም ያንን አድኖልዎታል። ስለ ሕመም ብለው ከሚታከሙ 10 ሰዎች 8ቱ ወይም 9ኙ ይሻላቸዋል።

ነገር ግን ደም መልሶቹ የሚቋጠሩት ጠባብ ቦታ ላይ ነው። በብሽሽት በኩል ሁለት ቀጫጭን ነርቮች ያልፋሉ። አንደኛው ከዘር ቱቦው ጥቅል በላይ ተጋድሞ ወደ ቆለጥ ከረጢቱ የላይኛው ቆዳና ወደ ጭን ውስጠኛ ክፍል ይወርዳል፤ ሁለተኛው ከጥቅሉ ጋር አብሮ ይሄዳል። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ነርቭ ሊሳብ፣ ሊቆረጥ ወይም በስፌት ሊያዝ ይችላል፤ ሐኪሙ ተጠንቅቆ ቢሠራ እንኳ በኋላ የሚደድረው ጠባሳ ሊያንቀው ይችላል። ፍሪሲዮን ለመርገጥ እግርዎን ከዳሌ ሲያጥፉ ብሽሽትዎ አብሮ ይታጠፋል፤ ጠባሳው ነርቩን ይጎትተዋል፤ ያ ንዝረት ይመጣል። እኔም በመጀመሪያዎቹ የሥራ ዓመታቴ ለታካሚዎቼ ስለ ደም መፍሰስና ስለ ቁስል መመርቀዝ እያስጠነቀቅኩ ስለ ነርቭ ሳልነግራቸው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገባቸው ነበር። ዛሬ ማንንም ሳልነግር አላስገባም፤ ሰው አስቀድሞ የሰማው ሕመም ሲመጣ ቢያንስ አበድኩ ወይ ብሎ አይሰጋም።

አሁን ቤትዎ የሚሠሩት አንድ ነገር አለ። ትንሽ ጥጥ ይያዙና ከጤናማው ቆዳ ጀምረው ወደ ጠባሳው በቀስታ ያሳልፉት። ስሜቱ የሚለወጥበት ቦታ ላይ ሲደርሱ በእስክሪብቶ ነጥብ ያድርጉ። ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ እንዲሁ እያደረጉ ነጥቦቹን ያገናኙ። ከዚያ ጠባሳውን በአንድ ጣት ጫፍ ከዳር እስከ ዳር ተጫን ተጫን እያደረጉ ይሂዱ፤ ንዝረቱን የሚቀሰቅስ አንድ ነጥብ ካገኙ እሱንም ምልክት ያድርጉበት። በስልክዎ ፎቶ ያንሡትና ለሐኪሙ ያሳዩት። ይህ ካርታ የትኛው ነርቭ እንደሆነ ለመለየት ከብዙ ቃል ይበልጣል።

ከዚያ የሽንት ቧንቧና የወንዶች የመራቢያ አካል ስፔሻሊስት ዘንድ ይሂዱ። አዲስ አበባ ለእርስዎ ሩቅ አይደለም፤ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ይህ የሕክምና ክፍል አላቸው፤ ሪፈር ያጽፉ። የደም ፍሰትን የሚያሳየው የዶፕለር አልትራሳውንድ ቆመው፣ ትንፋሽዎን ይዘው ሆድዎን እየገፉ እንዲደገም ይጠይቁ፤ ተኝተው ብቻ ሲታዩ የተመለሰ ቫሪኮሲል ሊደበቅ ይችላል። በፍሬው ዙሪያ ውሃ መቋጠሩና ፍሬው መቀነሱም አብሮ ይታያል። ቡአ፣ የኩላሊት ጠጠርና የወገብ ዲስክም ወደዚያው ቦታ ሕመም ሊልኩ ይችላሉና መለየት አለባቸው። ወገብን በተለይ የማነሣው ለዓመታት በሚንቀጠቀጥ ወንበር ላይ ስለሚቀመጡ ነው።

ስለ ዳይክሎፌናክ አጥብቄ ልለምንዎት። እባክዎ ያቁሙ። ለነርቭ ሕመም የሚያደርገው ጥቂት ነው፤ ጨጓራን ያቆስላል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ከአዋሽ እስከ ጋላፊ ባለው ሙቀት ላብዎ እየፈሰሰ፣ ለሽንት ላለመቆም ብለው ውሃ እየቀነሱ ከተወጉት ደግሞ ኩላሊትዎን በሁለት በኩል ነው የሚያደርቁት። መርፌውንም እንክብሉንም በአንድ ቀን ደርቦ መውሰድ ደግሞ መጠኑን ማብዛት ነው።

ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙት አሚትሪፕቲሊንና ጋባፔንቲን ናቸው። አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን፣ 10 ወይም 25 ሚሊ ግራም ማታ ማታ ይጀመራል፤ ውጤቱን ለማየት ሁለትና ሦስት ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል። ሁለቱም ግን እንቅልፍ ያመጣሉ፤ የእርስዎ ሥራ ደግሞ እንቅልፍን አይምርም። ስለዚህ ሐኪምዎ ሲያዝልዎት ሹፌር መሆንዎን በግልጽ ይንገሩት፤ መድኃኒቱን የሚጀምሩትም ፈቃድ ወስደው ቤት በሚያርፉበት ሳምንት ይሁን። ጠዋት ራስዎን ከከበድዎት መሪ አይጨብጡ። እንቅልፉን በጫት አሸንፋለሁ ብለው እንዳያስቡ፤ ጫትና አሚትሪፕቲሊን ተደርበው ልብን ያስጨንቃሉ።

ይህ ካልበቃ ቀጣዩ መርፌ ነው፤ የማደንዘዣ መድኃኒት በነርቩ ወይም በዘር ቱቦው ጥቅል ዙሪያ ይሰጣል። ሕመሙ ለጥቂት ሰዓታት እንኳ ፈጽሞ ከጠፋ ምንጩ ተገኘ ማለት ነው። አንዳንዱ ሰው መርፌው ሁለትና ሦስት ጊዜ ተደጋግሞለት ሕመሙ እየላላ ይሄዳል። መርፌው እየረዳ ጥቅሙ ካልቆየ ነው ስለ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና የምንነጋገረው፤ ያም ቢሆን በጠባሳ የታነቀውን ነርቭ ለማስለቀቅ ወይም የሕመሙን ነርቮች በማይክሮስኮፕ እያዩ ለመቁረጥ ነው። ምንጩ ሳይታወቅ "ይከፈትና ይታይ" ማለት በጠባሳ ላይ ሌላ ጠባሳ መጨመር ነው። ፍሬው ከወጣ በኋላም ሕመሙ የቀረባቸው ሰዎች አሉ፤ የታመመው ነርቩ ከሆነ ፍሬው ምን አደረገ?

ሥራ ላይ ሳሉ ደገፍ የሚያደርግ የውስጥ ሱሪ ይልበሱ፤ ስኮርታ ጎማ ማውረድና ሸራ መወጠሩን ለረዳትዎ ይተዉለት፤ በየሁለት ሰዓቱ ወርደው ትንሽ ይራመዱ። ወንበሩን ከፍ አድርገው ወደ ፍሪሲዮኑ ቢያስጠጉት ዳሌዎ የሚታጠፈው ይቀንሳል።

ጊዜ የማይሰጥ ሕመምም አለ። ፍሬው በድንገት እጅግ ካመመዎት፣ ካበጠ፣ ማስታወክ ከተከተለ ምናልባት ተጠማዝዞ ይሆናል፤ በ6 ሰዓት ውስጥ ካልታከመ ሊሞት ይችላል። የትም ቢሆኑ መኪናውን አቁመው ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ይሂዱ። ትኩሳትና መቅላት፣ ሽንት ውስጥ ደም፣ ፍሬው ላይ ጠጣር እብጠት ካዩም እንዲሁ።

ስለ ልጅ አይጨነቁ ብዬ በባዶ አላጽናናዎትም፤ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ያድርጉ። አዲስ ዘር ተሠርቶ እስኪበስል 74 ቀን ያህል ይወስዳል፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከ3 እስከ 6 ወር ድረስ የምንጠብቀውም ለዚህ ነው። እርስዎ ስምንት ወር ስለሆነዎት ውጤቱ የሚታመን ነው። ነርቩ የሚያሳምመው ቆዳን እንጂ የወንድነትን ኃይል የሚያዝዘው አይደለም፤ ከሶፋው ላይ ያስተኛዎት ሕመሙን መፍራት ይመስለኛል። ባለቤትዎ ግን ይህንን አታውቅም። ስምንት ወር ሙሉ ባሏ የራቃትን ምክንያት ለብቻዋ ስትፈልግ ኖራለች። በቃል መጀመር ከከበደዎት ደብዳቤዎን ያንብቡላት፤ ለእኔ የጻፉት ለእሷም ይበቃል።

የማደንዘዣ መርፌው የሚሰጥዎት ዕለት መኪና አይንዱ። ማደንዘዣው አንዳንዴ ወደ ጭን ነርቭ ይዘልቅና ጉልበት ለጥቂት ሰዓታት ይከዳል፤ ሲመለሱ የሚደገፉት ሰው ያስፈልግዎታል። እሷ አብራዎት ትሂድ።