“ጋሽ” የምትያቸውን ሰው ስለ ማረም

ለጅማዋ የእንስሳት ሐኪም፦

የቫይረስ ምርመራ ቡድን እንድትመሪ ተጠይቀሻል። አባትሽ ደግሞ ሂርማታ አካባቢ የእንስሳት መድኃኒት መደብር ሊከፍቱልሽ ቤት ተከራይተዋል፤ የመሪነቱ ጭማሪም ትንሽ ነው። ከሁሉ የከበደሽ ግን ከምትመሪያቸው ሁለቱ አንቺ ሳትወለጂ ሥራ የጀመሩ መሆናቸው ነው። “እንዴት ብዬ አርማቸዋለሁ?” ብለሻል።

ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት የሆስፒታል ላቦራቶሪ ኃላፊ ስለነበርኩ በዚህ ጉዳይ አልለሳለስም። ይሉኝታ ሌላ መሥሪያ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ያዘገያል። እናንተ ዘንድ ግን በፒሲአር (የቫይረስን ዘረመል አብዝቶ በሚለይ) ምርመራ፣ ቫይረስ እንደሌለበት የሚታወቀው ማነጻጸሪያ ናሙና፣ ኔጋቲቭ ኮንትሮሉ፣ ምልክት ካሳየ የዚያ ዙር ውጤት በሙሉ መጣል አለበት፤ ወረዳው ቢቸኩልም። አንጋፋው “ትንሽ ብክለት ናት፣ እንልቀቀው” ሲሉ ዝም ካልሽ፣ ጤነኛ ከብት የሞላበት ገበያ በአንቺ ፊርማ ይዘጋል።

እ.ኤ.አ. በ2007 እንግሊዝ ውስጥ ከፐርብራይት የላቦራቶሪ ግቢ የአፍተግር ቫይረስ አምልጦ በአካባቢው ያሉ ከብቶችን ያዘ። አጣሪዎች የጠረጠሩት ያረጀውን የፍሳሽ ቧንቧ ነው። ቧንቧው መጠገን እንዳለበት አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ወጪውን ማን ይሸፍን በሚል ሲንከባለል ቆየ እንጂ።

ስለዚህ ሹመቱን ከመቀበልሽ በፊት ውጤት የማገድና ሥራ የማስቆም ሥልጣን፣ ለኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ተህዋስያንን ለሚገድለው መሣሪያ) እና ለአየር ማጣሪያ ጥገና የተመደበ በጀት ጭምር በጽሑፍ ጠይቂ። ከከለከሉሽ ተዪው፤ ባዶ ማዕረግ ነው። ከፈቀዱልሽ፣ የመግቢያና የመውጫ ደንቡን፣ ልብስ ቅያሬውንና ገላ መታጠቡን ለአዲስ ሠራተኞች የሚያስተምሩት እነዚያ ሁለቱ ይሁኑ። ራሳቸው ያስተማሩትን ደንብ መጣስ ያሳፍራቸዋል። ስታርሚያቸው ደግሞ “ጋሽ” ማለትሽን አትተዪ፤ “ጋሽ፣ ይህ ይደገም” በቂ ነው። ይቅርታ አትጨምሪበት።

ስለ ደመወዙ፦ የአደጋ አበል እንዳለው ከመፈረምሽ በፊት አረጋግጪ።

አባትሽ ቤቱን የተከራዩት ሳያማክሩሽ ከሆነ ኪራዩ የእሳቸው ዕዳ ነው፤ የሙያ ፈቃዱ ግን በአንቺ ስም የወጣ ነው። ልጃቸው ባንኮኒ ጀርባ ስትቆም ማየት ቢያኮራቸውም፣ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ጅማ አታጣም። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ንገሪያቸው፦ ሕያው የአፍተግር ቫይረስ ከነካሽ በኋላ ይዘሽባቸው እንዳትሄጂ ለተወሰኑ ቀናት ከበረታቸው መራቅ ግዴታሽ ነው። ለበዓል መጥተሽ ላሞቹን አላይም ስትዪ ከሚቀየሙሽ ቀድመው ይወቁት።