ዲስፔስ ላይ ለአንባቢው የሚስማማ ጥቆማ ለማውጣት፦ አይፒውን አትተማመኚበት

ሰላም እህቴ። «ሰበታ ያለው ኮሌጃችን መመረቂያ ጽሑፎቹን ዲስፔስ (የጽሑፍ ማከማቻና ማስነበቢያ ሶፍትዌር) ላይ ጭኗል፣ ሰርቨሩ ግቢ ውስጥ ነው፤ ለእያንዳንዱ አንባቢ የሚሆነውን እንዲጠቁም እንዴት እናድርግ?» ብለሻል። አብዛኛው አንባቢያችሁ አካውንት ሳይከፍት የሚያነብ ነው ብዬ ልነሳ፤ የትም እንደዚያ ነው።

1. አንባቢን በአይፒ (በመሣሪያው የኔትወርክ አድራሻ) አትለዪ። ሥራውን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ይሄ ነው። የዲስፔስ ስታቲስቲክስ የተከፈተውን ጽሑፍ፣ ሰዓቱን፣ አይፒውንና ብራውዘሩን ይይዛል፤ ማን እንደሆነ የሚያውቀው በአካውንቱ የገባውን ብቻ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ቶሎ ብሎ «አንድ አይፒ፣ አንድ አንባቢ» ይላል። የቤተ መጻሕፍቱ አንድ ኮምፒውተር ላይ ግን በቀን ስንት ተማሪ ይፈራረቃል! ዋይፋዩ በአንድ ራውተር ካለፈ ሁሉም ስልክ አንድ አይፒ ነው፤ በሞባይል ዳታም ብዙ ሰው አንድ የውጭ አይፒ ይጋራል። ውጤቱ፦ ስለ ግብር የምታነብ የአካውንቲንግ ተማሪ የወተት ላም እርባታ ይጠቆምላታል።

ከዲስፔስ ፊት ኤንጂንክስ (ጥያቄውን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ፕሮክሲ) ካለ ይብሳል። የአንባቢው አድራሻ ካልተላለፈ ሁሉም 127.0.0.1 (የሰርቨሩ የራሱ አድራሻ) ተብሎ ይመዘገባል። ስታቲስቲክሱን ያ ቁጥር ሞልቶት ካገኘሽ፣ ኤንጂንክሱ አድራሻውን በ«ኤክስ ፎርዋርድድ ፎር» እንዲያሳልፍ፣ በዲስፔስ ኮንፊግም «ዩዝ ፕሮክሲስ» ትሩ እንዲሆንና ፕሮክሲው ከሚታመኑት አድራሻዎች እንዲቆጠር አድርጊ፤ ከዚያ ዲስፔስን የሚያስኬደውን ቶምካት አጥፍቶ ማስነሳት ነው። የቀድሞው መዝገብ አይታረምም፣ ለጥቆማ አይሆንም። የአይቲ ክፍሉ «ላይብረሪያን ኮንፊግ ምን ያደርግላታል» የሚል ፊት ካሳየሽ በደብዳቤ ጠይቂ፤ ደብዳቤ ሲሆን መልስ ይገኛል። «ኢዝቦት» (ጎብኚው ሰው ሳይሆን ሮቦት ነው) የሚል ምልክት ያለበትን ጉብኝትም አስወጪ።

2. በምትኩ አንባቢው አሁን በተቀመጠበት ጊዜ የከፈታቸውን የመጨረሻ 3 ወይም 4 ጽሑፎች ያዢና የሚመሳሰሉትን በሶለር (የዲስፔስ መፈለጊያ ሞተር) «ሞር ላይክ ዚስ» በሚባለው ተመሳሳይ ፈላጊ ፈልጊ። የተከፈቱትን የሚይዘው ኩኪ (ብራውዘሩ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ መረጃ) ብራውዘሩ ሲዘጋ ወይም 20 ደቂቃ ያህል ሳይነካ ሲቆይ ይጥፋ፤ አለዚያ የጠዋቱ ተማሪ ፍላጎት ለከሰዓቱ ይተርፋል።

የጥቆማው ሳጥን ባዶ ሲሆን ሶለርን የሚረግም ብዙ ነው። ጥፋቱ የዲፎልቱ (ካልተነካ የሚሠራበት ቅንብር) ነው፦ አንድ ቃል በጽሑፉ ውስጥ ቢያንስ 2 ጊዜ፣ በጠቅላላው ክምችት ደግሞ ቢያንስ በ5 ሰነድ ካልተገኘ አይቆጥረውም። በርዕስና በቁልፍ ቃል ላይ 2 ጊዜ የሚደገም ቃል ከየት ይመጣል? የመጀመሪያውን ወደ 1፣ ሁለተኛውን ወደ 2 አውርጂው፤ ከርዕስና ከቁልፍ ቃል ጋር አብስትራክቱንም ጨምሪ።

አማርኛው ለብቻው ሥራ አለው። አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ከጻፈ ለሶለር ሁለት የተለያየ ቃል ነው። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚቀይር የማፒንግ ፋይል አዘጋጂ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱንም ጻፊ፤ ግዕዙን ብቻ ጽፎ የሚተው አለ፣ ያኔ «ሥራ» እና «ስራ» እንደተለያዩ ይቀራሉ። ሃን ወደ ሀ፣ ዓንና ኣን ወደ አ መመለስም አትርሺ። ፋይሉ በኢንዴክሱም (ሶለር በሚያዘጋጀው የቃላት ማውጫ) በፍለጋውም በኩል ይግባ፤ ከዚያ ክምችቱ በሙሉ እንደገና ኢንዴክስ ይደረግ። «የ»፣ «በ»፣ «ለ»ን ከቃል ፊት በጅምላ ልቁረጥ እንዳትዪ፦ የግብርና ክፍሉ «በቆሎ» ቆሎ ይሆናል። የአፋን ኦሮሞ አብስትራክት ካለ በራሱ ፊልድ አስቀምጪው፤ ለእንግሊዝኛ የተሠራው ቃል ቆራጭ በላቲን ፊደል ስላየው ብቻ ይቆራርጠዋል።

3. «ይህን ያነበቡ ያንንም አነበቡ» የሚለው በኋላ ይምጣ፣ ሁለቱ ጽሑፎች ቢያንስ በ3 የተለያዩ ሴሽኖች (የአንድ አንባቢ አንድ ቆይታ) አብረው ከተከፈቱ ብቻ። ገጹ በተከፈተ ቁጥር አታስልዪ፤ በቀን አንዴ አስልተሽ በሠንጠረዥ አስቀምጪ። ስሌቱን በሰዓቱ የሚያስነሳውን ክሮን ሌሊት ላይ አታድርጊ፤ እናንተ ጋ መብራት ሲጠፋ ሳይሠራ ያልፋል፣ ማንም አያውቅም። ቀን 6 ሰዓት ይሻላል፣ ወይም ያመለጠውን በኋላ የሚሠራ አናክሮን።

ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ኮር ሪኮመንደር የሚባል፣ ጥቆማውን በኢንተርኔት የሚያመጣ ዝግጁ ሳጥንም አለ፤ ግቢው ኢንተርኔት ሲቋረጥበት ግን ሳጥኑም የለም።

በአካውንታቸው የሚገቡ መምህራንን የንባብ ታሪክ ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አስቀድማችሁ አንብቡ። ፈቃድ ጠይቁ፣ «ታሪኬን አጥፋ» የሚል ቁልፍም ገጹ ላይ ይኑር።