ዩኒቨርስም ያረጃል ወይ? የጅማ አንባቢዎች ጠይቀዋል

ሰሞኑን ከጅማ የሚመጡ ጥያቄዎች በዝተዋል። የሚገርመው ደግሞ አብዛኞቹ ስለ ሰማይ ናቸው። ስለ ቡና ዋጋ የጠየቃችሁን ትንሽ ታገሱን፣ የዛሬውን አምድ ለሰማዩ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ እንዴት ናችሁ? ጅማ ውስጥ ባጃጅ ነው የምነዳው። ከዩኒቨርሲቲው ወደ መርካቶ የጫንኩት አንድ ተማሪ “ዩኒቨርስ እያረጀ ነው” አለኝ። ሰው ያረጃል፣ ባጃጅም ያረጃል፣ ሰማይ ግን እንዴት ያረጃል ብዬ ተከራከርኩት። ሂሳብ ሳንዘጋ ወረደ፤ የክርክሩን ማለቴ ነው እንጂ ብሩንማ ከፍሏል። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተማሪው ረትቶሃል። ስለ ዩኒቨርስ መጨረሻ ሲወራ ሁሌም የሚወራው ስለ ሩቅ ጊዜ ነው። እርጅናው ግን አሁን በቴሌስኮፕ የሚታይ ነገር ነው። የዩኒቨርስ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ነው። ኮከቦች እንደ ጉድ ይወለዱ የነበሩት ከዛሬ 10 ቢሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነበር። ዛሬ የሚወለዱት የዚያን ጊዜውን አንድ አሥረኛ ያህል ቢሆኑ ነው።

በምን ታወቀ አትልም? ብርሃን ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ሩቅ ያለ ጋላክሲ (የኮከቦች መንጋ በለው) ስታይ የምታየው የዛሬውን ሳይሆን ድሮ የነበረውን ነው፤ ተመራማሪዎች በተለያየ ርቀት ያሉትን ጋላክሲዎች እየተመለከቱ በየዘመኑ ስንት ኮከብ ይወለድ እንደነበር ያሰላሉ። ቁጥሩ ወጣ፣ ከዚያ ወረደ። ዛሬም እየወረደ ነው።

ምክንያቱ ጋዝ ነው። ኮከብ የሚሠራው ከቀዝቃዛ ጋዝ ነው፣ አብዛኛውም ሃይድሮጂን። የተወሰነው ጋዝ ኮከቦች ሲሞቱ ተመልሶ ይረጫል፣ የቀረው ግን በሬሳቸው ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። የኛ ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብ በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ኮከቦች ይዛ፣ በዓመት የምትወልደው ቢደመር የአንድ ወይም የሁለት ፀሐይ ክብደት ቢያክል ነው። ይኸው ነው።

ግን አንተንም ባዶ እጅህን አልሰድህም። ትልልቅ ኮከቦች ነዳጃቸውን በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ጨርሰው ያልቃሉ፣ ቀይ ድንክ የሚባሉት ትንንሾቹ ግን ቆጥበው ስለሚያነዱ በትሪሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ይኖራሉ። ከፀሐይ ቀጥሎ ለኛ የምትቀርበው ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ከነዚህ አንዷ ናት። አዲስ ኮከብ መወለዱ ጨርሶ የሚቆመው ከ100 ትሪሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ነው ተብሎ ይገመታል። ከዚህ ውስጥ ያለፈው ከ10 ሺህ አንድ እጅ ገደማ ነው። በዓመት ከቆጠርነው ዩኒቨርስ ገና ጨቅላ ነው፣ በወሊድ ከቆጠርነው ግን አሮጊት። ለተማሪው ስታገኘው ይህቺን ጣል አድርግለት።

ጥያቄ፦ ፊዚክስ አስተምራለሁ። “ኃይል አይፈጠርም፣ አይጠፋም” እያልን እናስተምራለን። ታዲያ ዩኒቨርስ በምን ይሞታል? አንድ ተማሪ ጠይቆኝ የሰጠሁት መልስ ለራሴም አልጣመኝም።

መልስ፦ መምህር፣ ግልገል ጊቤ ቅርብዎ ነው፣ ከዚያው እንጀምር። ተርባይኑን የሚያሽከረክረው ውሃው መኖሩ ብቻ አይደለም፣ ከላይ ወደ ታች መውረዱ ነው። ከግድቡ በላይና በታች ያለው ውሃ እኩል ከፍታ ላይ ቢሆን አንዲት ጠብታ ሳትጎድል ተርባይኑ ቀጥ ይላል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሩዶልፍ ክላውሲየስ እ.ኤ.አ. በ1865 ኢንትሮፒ ብሎ የሰየመው ነገር፣ ማለትም የኃይል መበታተን መለኪያ፣ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል፣ ልዩነቱ እየጠበበ ይመጣል። ፀሐይ ትኩስ፣ በዙሪያዋ ያለው ህዋ ደግሞ ቀዝቃዛ በመሆኑ ነው ቡናው የሚያፈራው፣ እኛም የምንኖረው። ኮከቦች አልቀው ሁሉም ቦታ እኩል ሲቀዘቅዝ ግን ኃይል ቢኖርም ሥራ የሚሠራ ኃይል አይኖርም። ይሄንን ነው የሙቀት ሞት የሚሉት። ስሙ እሳት እሳት ይላል እንጂ ነገሩ ብርድ ነው።

ዛሬ ራሱ ባዶው ህዋ ከፍጹም ዜሮ (ከሱ በታች ቅዝቃዜ ከሌለው) በላይ 2.7 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚሞቀው። ከኮከቦቹ በኋላ ብላክ ሆሎች (ብርሃን እንኳ የማያመልጣቸው አካላት) ይቆያሉ፣ እነሱም ግን ዘላለማዊ አይደሉም። ስቲቨን ሃውኪንግ እ.ኤ.አ. በ1974 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት ቀስ በቀስ ይተናሉ። ፀሐይን የሚያክል ክብደት ያለው ብላክ ሆል ተኖ ለማለቅ የሚፈጅበትን ዓመት ለመጻፍ 1 ብለው ከኋላው 67 ዜሮ ይደረድራሉ። ሰሌዳ ላይ አንድ በአንድ ይጻፉላቸው፣ የተኛም ተማሪ ይነቃል።

ጥያቄ፦ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ልጄ ፀሐይ ትጠፋለች የሚል ቪዲዮ አይቶ እንቅልፍ አጣ። ምን ልበለው? እናት ነኝ፣ ከጅሬን።

መልስ፦ እናታችን፣ እውነቱን ይንገሩት፤ እውነቱ ራሱ ያስተኛዋል። ፀሐይ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ሆኗታል፣ ገና 5 ቢሊዮን ገደማ ይቀራታል። የሱ የልጅ ልጅ ልጆችም አይደርሱባትም። ፀሐይ በየ1 ቢሊዮን ዓመቱ 10 በመቶ ገደማ እየደመቀች ስለምትሄድ፣ ሳትሞት በፊት፣ ከ1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ውቅያኖሶች መትነናቸው አይቀርም፤ ይህቺን እንኳ ለጊዜው ይተዉለት።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርስ ቢግ ባንግ በሚሉት ታላቅ ፍንዳታ ከተጀመረ መልሶ አይሰበሰብም ወይ? የተወረወረ ድንጋይ ይመለሳል።

መልስ፦ ሳይንቲስቶቹም ለረጅም ጊዜ እንዳንተ ነበር የሚያስቡት፤ ቢያንስ መስፋፋቱ ፍጥነቱን ይቀንሳል ብለው ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ኤድዊን ሀብል እ.ኤ.አ. በ1929 ጋላክሲዎች እየተራራቁ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት ቡድኖች ሩቅ ሱፐርኖቫዎችን (የሚፈነዱ ኮከቦችን) ለክተው መስፋፋቱ ምን ያህል እንደቀነሰ ሊያውቁ ሲሉ፣ ጭራሽ እየፈጠነ ነው ብለው አረፉት። እ.ኤ.አ. በ2011 ኖቤል አሸለማቸው። የሚገፋውን ነገር ዳርክ ኢነርጂ አሉት፣ ከዩኒቨርስ 68 በመቶ ገደማ እሱ ነው። ምንነቱን እስካሁን የሚያውቅ የለም።

ይህ ግፊት እንዳለ ከቀጠለ መመለስ የለም፣ ከላይ ለመምህሩ የነገርኩት ብርድ ነው የሚጠብቀን። አሪዞና ውስጥ ዴዚ በሚባል መሣሪያ ጋላክሲዎችን የሚለኩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 እና በ2025 ያወጡት ውጤት ግን ግፊቱ እየደከመ ሊሆን ይችላል የሚል ፍንጭ ሰጥቷል። ገና አልተረጋገጠም። እኔ በዚህ ላይ አልወራረድም፣ አንተም ብርህን ያዝ።

ጥያቄ፦ ከጅማ ሆኜ ያረጀ ኮከብ በዓይኔ ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ፣ እንዲያውም ጅማ የታደለች ናት። ቤቴልጅዩስ የምትባለው ቀይ ኮከብ ልክ ከአናታችሁ በላይ ነው የምታልፈው። ጥር መጨረሻ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ውጣና ቀና በል። በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ኮከቦች ታያለህ፣ ከነሱ ወደ ሰሜን ብርቱካናማ የምትመስለው እሷ ናት። ዕድሜዋ 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፣ ከፀሐይ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም፣ ግን ግዙፍ ስለሆነች ካሁኑ አርጅታለች። በሚቀጥሉት 100 ሺህ ዓመታት ውስጥ ትፈነዳለች ተብሎ ይገመታል፣ ያን ጊዜ ቀን በፀሐይም ትታያለች። ሰኔ ላይ አትሞክር፤ ከፀሐይ ጋር ወጥታ ከፀሐይ ጋር ነው የምትገባው፣ ደግሞስ የሰኔ ደመና መች ሊያሳይህ።